የዱሪያኑ መልስ

ሰፒያህ እጀ ትኩስ ናት። ይህን በሱንጋይ ሊማው መንደር የማያውቅ የለም፤ እሷም አትክድም። አንዳንድ ሰው እጁ ቀዝቃዛ ሆኖ ይፈጠራል፤ የማገዶ እንጨት መሬት ላይ ቢሰካ እንጨቱ ያቆጠቁጣል። ሌላው ደግሞ እንደ ሰፒያህ ነው። ሙዝ እንኳ፣ ያ ቢጥሉትም የሚበቅል ሙዝ፣ እሷ ከተከለችው ሳምንቱን አይጨርስም። ገና ልጅ ሳለች እናቷ «አንቺ ድስትሽን ጠብቂ፤ ወደ ጓሮ ድርሽ እንዳትይ!» ብለው አባረዋታል።

የዚህች ሴት ጓሮ ታዲያ የመንደሩ ዓይን ማረፊያ ነበር። ምስጢሩ ክልሶም ናት።

ክልሶም ጎረቤቷ ናት። ሁለቱን ግቢ የሚለየው ሽፈራው የሚሉት የሞሪንጋ ቁጥቋጦ ነው፤ እሱም ቢሆን መሐሉ ላይ አንዲት ሴት ሳህን ይዛ የምታልፍበት ክፍተት ነበረው። ልማዱ የታወቀ ነው፤ እጀ ትኩስ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ፍግ ያቀርባል፣ ውሃ ይቀዳል፤ ችግኙን ከአፈር የሚያገናኘው ግን እጀ ቀዝቃዛ ነው። ሰፒያህ ትቆፍራለች፣ ክልሶም ትተክላለች። ቃሪያው፣ ደበርጃኑ፣ ዱባው፣ እርዱ፣ ጠጅ ሣሩ፣ ሎሚው፣ ዘይቱኑ፣ ፓፓያው፣ ሁሉም በክልሶም እጅ የገባ ነው። ሰፒያህ በበኩሏ ወጥ ስትሠራ ለሁለት ቤት ትሠራለች። ክልሶም ሩዝ ማሳረር ልማዷ ነው፤ አዋንግ ባሏ «የሚስቴን እጅ መሬት ይወደዋል፣ እሳት ይጠላዋል» እያለ ያሾፍባት ነበር። እንዲህ ተደጋግፈው ልጅ አሳደጉ፣ ልጅ ሸኙ፣ ፀጉራቸው ሸበተ።

አዋንግ ደግሞ የመንደሩ ዛፎች አፍ ነበር። ዱሪያን የሚሉት፣ እሾኻም ትልቅ ፍሬ የሚያፈራው ረጅም ዛፍ፣ አላፈራ ሲል ባለቤቱ መጥረቢያ ይዞ ግንዱ ሥር ይቆማል። ሌላ ሰው ደግሞ አጠገቡ ባለው አጠር ያለ የፍሬ ዛፍ፣ በማንጎስቲን ላይ ይወጣል፤ ዱሪያን ቁመቱ አጉል ነው፣ አይወጣበትም። ባለቤቱ ግንዱን ቸብ አድርጎ «ታፈራለህ ወይስ ልጣልህ?» ይላል። የወጣው ሰው ስለ ዛፉ ሆኖ «አፈራለሁ፣ አትቁረጠኝ!» ይላል። መልስ የሰጠ ዛፍ ይታለፋል፤ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ያለ ይቆረጣል። የመስጊዱ ኢማም ነገሩ ብዙም ባይጥማቸው «አስፈራሩት እንጂ እንዳትለምኑት» ብለው አልፈውታል። አዋንግ ማንጎስቲን ላይ ሲወጣ ድምፁ ይጎረንናል፤ ዛፉን ሲያስምል፣ ሲያስለቅስ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው ሲያሰኝ፣ የሰማው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ይህ ሰው ኩላሊቱን ታመመ። ክልሶም ዓመት ከመንፈቅ አስታመመችው፣ ከዚያም ሞተ።

ለዱዓ ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ሰፒያህ ከክልሶም ጎን ተቀምጣ እጇን ያዘች። ያንን አፈር የጠገበ እጅ አገላብጣ እየሳመች እንባዋ ይወርድ ነበር። እንባ ያለ ልክ ሲወርድ ምላስም አብሮ ይለቃል። «ወይኔ እህቴ» አለች ጮክ ብላ፣ «ይሄ እጅሽ ለሁላችን ሲያጸድቅ ኖሮ፣ ለእሱ ሲሆን እምቢ ይበል?»

ማጽናናቷ ነበር። ወላሂ ማጽናናቷ ነበር። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው የክልሶምን እጅ አዩ። ክልሶም እጇን ቀስ ብላ ከሰፒያህ እጅ አውጥታ ሻሿ ሥር ደበቀችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሽፈራው መሐል አላለፈችም።

መጀመሪያ የሄዱት አትክልቶቹ ናቸው። አትክልት ኩርፊያ አይችልም፤ በየወቅቱ የሚተክለው ይፈልጋል። ቃሪያው አርጅቶ ደረቀ፣ ደበርጃኑን ትል ጨረሰው፣ ዱባው የነበረበት መደብ ሣር በቀለበት። ሰፒያህ ጉድጓድ ቆፈረች፣ ፍግ አቀረበች፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣም ጠበቀች። የመጣ የለም። አንድ ቀን ብትናደድ ራሷ ቃሪያ ተከለች፤ ውጤቱን መናገር አያስፈልግም። ቁጥቋጦዎቹ ትንሽ ታገሡ። ጠጅ ሣሩ የሚከፋፍለው አጥቶ እርስ በርሱ ተናነቀ፤ ሽፈራው ደግሞ እያንዳንዷ «እሷ ትከርክመው» እያለች ስለተወችው ጫካ ሆነ። ክፍተቱም ተዘጋ። ከወዲህ ወዲያ ዶሮ እንኳ አይታይም።

ሰፒያህ ለመታረቅ አልሞከረችም አይባልም። በዒድ ሥጋ በኮኮናት ወተት ሠርታ፣ በሳህን ሞልታ፣ በጎረቤት ሽማግሌ በአባባ ሲዲን እጅ ላከች። ሳህኑ ታጥቦ ተመለሰ፤ ባዶውን። ባዶ ሳህን መመለስ በዚህ መንደር ከስድብ ይቆጠራል። ምንም ቢጠፋ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ሎሚ፣ እፍኝ ቅጠል ጣል ይደረግበታል። ሰፒያህ ያን ሳህን መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው፣ ዳግመኛም አልበላችበትም። ጠዋት ጠዋት የአትክልት ነጋዴው ሞተር ሳይክል ክልሶም ደጅ ሲቆም በሰማች ቁጥር «ለእኔ የነፈገችውን ለነጋዴ ትሸጣለች» ትላለች ለድስቷ። ድስት መቼም አይመልስም።

ዛፎቹ ግን ቆመው ነበር። ከሁሉ ይልቅ ዱሪያኑ።

ዱሪያኑ የተተከለው የሰፒያህ ልጅ ናዝሪንና የክልሶም የመጨረሻ ልጅ በአንድ አውቶቡስ ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የሄዱ ዕለት ነው። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ ሁለቱ እናቶች የሰፒያህ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ለልጆቹ መሸኛ የተገዛውን ዱሪያን እያለቀሱ በሉ። እያለቀሱ ይበሉ እንጂ አንድም ፍልቃቂ አላስተረፉም። ክልሶም አንዱን ዘር በሽርጧ ጠረገችና ወርዳ ተከለችው። «የመጀመሪያውን ፍሬ እዚሁ ደረጃ ላይ፣ እኔና አንቺ» አለች። «ያለ አንቺ አላስነካውም» አለች ሰፒያህ። ዛፉ አደገ፣ ከጣሪያው በላይ ሆነ። ፍሬ ግን ወዴት! አበባ እንኳ አላሳየም።

በሁለተኛው ዓመት ናዝሪን ለበዓል መጣ። ከተማ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ ሲወድቅ፣ ዛፍ ቤት ሲደረምስ ብዙ አይቷል። ጓሮ ወጥቶ አንጋጦ ቆየ።

«እማ፣ ይሄ ዛፍ ቤቱ ላይ ተጋድሟል።»

«አልተጋደመም፣ አዘንብሏል።»

«ነፋስ ሲመጣ ልዩነቱን ታይዋለሽ። ቢያፈራ እንኳ ያ እሾኻም ፍሬ ቆርቆሮውን በስቶ አናትሽ ላይ ነው የሚወርደው። አንድ ባለ መጋዝ አናግሬያለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል።»

«ሳትጠይቀኝ?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሻ!»

«እሱስ እውነትህን ነው።»

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ ከተማ ተኝቶ የሚያስበው እናቱን ነው። ሰፒያህም ይህን ታውቃለች፣ ስለዚህ መቆጣት እንኳ አልቻለችም። ክልሶም የተከለቻቸው ሌሎች ዛፎች አሉ፤ ቃል የተገባበት ግን ይሄ ብቻ ነው። እሱ ከወደቀ ክልሶም ወደዚያ ደረጃ የምትመለስበት ምክንያት አይኖርም። ሰፒያህ የምትጠብቀው ነገር ያልቃል ማለት ነው። ይህን ለልጇ እንዴት ትበለው?

«እንግዲያው ይጠየቅ» አለች። «ሳይጠየቅ የተቆረጠ ዱሪያን በዚህ መንደር የለም።»

«እማ፣ ደግሞ እሱን ተረት…»

«ከመለሰ ይቆማል።»

«ካልመለሰስ?»

ሰፒያህ የቀሚሷን ጫፍ ጨመደደች። «ካልመለሰ ባለ መጋዝህ ይምጣ። ቃሌ ነው።»

ወዲያው አባባ ሲዲን ዘንድ ገሰገሰች። ሽማግሌው የመንደሩ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ብስኩት በዓይናቸው ይቆጥሩ ነበር። የአዋንግ የልብ ጓደኛ ነበሩ።

«አባባ፣ ስለ ዱሪያኔ እርስዎ ይመልሱልኝ።»

«ማንጎስቲኑ እኮ የክልሶም ነው።»

«ለዚያ አይደል እርስዎን የምለምነው? ያስፈቅዱልኝ።»

«አንቺ አትሄጂም? እግር የለሽም?»

«እግርስ አለኝ። በምን ፊቴ ልሂድ?»

አባባ ሲዲን እያጉረመረሙ ሄዱ። ሲመለሱ ሰፒያህ መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር።

«ምን አለች?»

«‹ዛፉ የአላህ ነው፣ የፈለገ ይውጣበት› አለች።»

«ሌላስ?»

«ሻይ አጠጣችኝ።»

«ስለ እኔስ ምን አለች?»

«ስኳር አብዝታበታለች» አሉ ሽማግሌው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፒያህ ንጹሕ ሻሽ አሰረች። ናዝሪን መጥረቢያውን ስሎ አመጣላት። ዱሪያኑ ሥር ቆሙ፤ ከሽፈራው ጫካ ባሻገር የክልሶም ማንጎስቲን ጥቅጥቅ ያለ ቅጠሉን እነሱ ላይ ዘርግቷል። አባባ ሲዲን አልታዩም። ጠበቁ። ፀሐዩ ከፍ አለ። ናዝሪን ወደ ሱቁ ሄዶ ተመለሰ፤ «ጉልበታቸውን አሟቸዋል፣ ዛሬ ዛፍ አልወጣም እያሉ ነው» አለ።

«ዛሬ? ትናንት ሱቁን ሦስቴ ሲዞሩ አልነበር?»

«እማ፣ እንተወው።»

«አንተወውም። ቃል ተገብቷል።» መጥረቢያውን አነሳች። ማንም ላይመልስላት እንደምትጠይቅ ታውቃለች፤ ግን ሳትጠይቅ የቀረች እንደሆነ ዕድሜ ልኳን ይቆጫታል።

ግንዱን ቸብ አደረገች። «አንተ ዱሪያን! ታፈራለህ ወይስ አታፈራም? ካላፈራህ ከሥርህ እጥልሃለሁ!»

ዝም። አንዲት ወፍ ከማንጎስቲኑ ላይ ብር ብላ ሄደች።

«አንተ ዱሪያን! ታፈራለህ ወይስ አታፈራም?»

ዝም። ናዝሪን ጫማውን ያያል።

ሦስተኛው ላይ ማስፈራራቱ ጠፍቶ፣ ኢማሙ አደራ ያሉትን ረስታ፣ ልመና ሆነባት። «አፍራልኝ እንጂ» አለች፣ «ምናለበት?»

ዝም።

«ይበቃል፣ እማ» አለ ናዝሪን። መጥረቢያውን ከእጇ ወሰደ። በእርጋታ ነበር የወሰደው፤ ያ እርጋታ ይበልጥ አንጀቷን በላት።

«ቆይ!» አለ ማንጎስቲኑ። «ምን ያስቸኩልሃል?»

እንደ ወንድ ሊጎረንን የሞከረ፣ መሐል ላይ የተሰነጠቀ ድምፅ ነበር። ናዝሪን መጥረቢያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሰፒያህ ያንን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሐል ትለየዋለች።

«ማን ነው?» አለች፣ ብታውቅም።

«ዱሪያኑ ነኝ። ሌላ ማን ይሆናል?»

በልማዱ መሠረት አሁን «ታፈራለህ ወይስ ልጣልህ» ማለት ነበረባት። ዛፉም «አፈራለሁ» ብሎ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ሰፒያህ ግን ልማዱ ጠፋባት።

«ለምንድን ነው የማታፈራው?» አለች።

ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። «የተከለኝ እጅ ስለቀረብኝ።»

«እጁስ ለምን ቀረ?»

«ትኩስ ሆኖ ነዋ።»

«ማን ነው ትኩስ ያለው?»

«አንቺ! ለቅሶ ቤት፣ የመንደሩ ሴት ሁሉ በተሰበሰበበት።»

ናዝሪን ከእናቱ ወደ ማንጎስቲኑ፣ ከማንጎስቲኑ ወደ እናቱ ተመለከተ። መጥረቢያውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ማለቴ አልነበረም» አለች ሰፒያህ። «አላህ ያውቃል፣ ላጽናናሽ ብዬ ነው። ይኸው ሁለት ዓመት ምላሴን ስረግም።»

«ዱሪያን ነው የምታናግሪው» አለ ድምፁ። መጎርነኑን ግን ረስቶት ነበር።

«ዱሪያንም ይስማ! ልጄም ይስማ! ይቅር በይኝ። ብትጠይኝም አልፈርድብሽም፣ እኔም ብሆን…»

«ማን ጠላሽ?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ አልጠላሁሽም። እውነትሽን ነበር፣ ሰፒያህ። እሱን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ያጎረስኩት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ፣ ያገላበጥኩት እኔ። ስንቱን የተሰበረ ችግኝ ያቃናሁ እሱን አላቃናሁትም። አንቺ ስትይው ‹አዎ፣ እጄ ነው› አልኩ። ከቀበርነው በኋላ ቃሪያ ተከልኩ፣ ደረቀ። ደበርጃን ተከልኩ፣ ደረቀ። ጎመን እንኳ! ታዲያ በዚህ እጄ እንዴት ወደ አንቺ ግቢ ልምጣ? የቀረሽንም ዛፍ ላደርቅብሽ? ለዚያ ነው የቀረሁት። ለሌላ አይደለም።»

ሰፒያህ ዱሪያኑ ሥር ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠላሁ ብላ ኖራለች፤ መጠላትን ለምዳው ነበር። አልተጠላሽም መባል ግን ከሁሉ ከበዳት። አንድ ቃሏ ያቺን ሴት ሌሊቱን ሙሉ እጇን እያየች እንድታድር አድርጓታል፤ እሷ ደግሞ ወዲህ ሆና ለድስት ታማት ነበር።

«ክልሶም፣ ውረጂ» አለች።

«ዱሪያን ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«አንቺ ዱሪያን፣ ውረጂ! ትወድቂያለሽ።»

«መውጣቱንስ ወጣሁ» አለች ክልሶም ከላይ፣ አሁን በገዛ ድምፅዋ፣ «መውረዱ ነው የጠፋኝ። ሽርጤ ደግሞ ተሰክቷል። ያ ልጅሽ ፊቱን ያዙር።»

ናዝሪን ፊቱን አዞረ፤ ግን ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ወደ ሰማይ ጮኸ፤ «ቆይ፣ ቆይ! ታዲያ ታፈራለህ ወይስ አታፈራም?»

«አፈራለሁ» አለ ማንጎስቲኑ። «ቀን ግን እንዳትቆጥርብኝ።»

በሽፈራው ማለፊያ ስላልነበረ ናዝሪን መጥረቢያውን አንስቶ ጫካውን ይመነጥር ጀመር። ዛፉን ሊጥል የተሳለ መጥረቢያ ቁጥቋጦ ሲቆርጥ ዋለ። ክፍተቱ ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው ሰፒያህ ናት።

ገብታም ቆመች። የክልሶም ጓሮ፣ ያ አትክልቱ በቦታ የሚገፋፋበት ጓሮ፣ ባዶ መሬት ሆኗል። ከዛፎቹ በቀር አንድ ለምለም ነገር የለም። መደቦቹ ተስተካክለው፣ ተኮትኩተው፣ እርጥብ ሆነው ተኝተዋል፤ በላያቸው የደረቀ ችግኝ ተሰልፏል። ጓዳው ደጃፍ ከነጋዴው የተገዛ ጎመን በላስቲክ ተንጠልጥሏል። ነጋዴው ለካ ሊሸጥላት ነበር የሚቆመው። ሰፒያህ ያ ባዶ ሳህን ትዝ አላት፤ ምን ይደረግበት ኖሯል? የገዛችውን ጎመን?

ጎንበስ ብላ አንዱን የሞተ ቃሪያ ነቀለች። ሥሩ በስብሶ ይሸታል።

«ስንት ጊዜ ነው የምታጠጪው?»

«ጠዋት። ቀትር ላይ። ማታ። ሌሊትም ከነቃሁ… እንዳይሞትብኝ ነዋ።»

«ሥሩንስ እየነቀልሽ ታያለሽ?»

ክልሶም አንገቷን ደፋች። «አንዳንዴ። ያዘ ወይ ብዬ።»

«እሰይ!» አለች ሰፒያህ። «ይሄማ ያለቀለት የኔ አሠራር ነው! እንዲህ አድርጌ ስንቱን ፈጅቻለሁ። እጅሽ ምን አጠፋ? በፍርሃት ነው ያሰጠምሽው።»

ክልሶም ግን አልሳቀችም። ከማንጎስቲኑ ስትወርድ የተጫረ እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች «ለአንቺ ቀላል ነው» አለች። «እኔ አንድ ሌላ ነገር እጄ ላይ ሲሞት ማየት አልችልም፣ ሰፒያህ። ቃሪያ እንኳ ቢሆን አልችልም።»

ሰፒያህ ማጽናናት አትችልበትም፤ ይህን ለቅሶ ቤት አይታዋለች። አፏን ልትከፍት ስትል ያለፈው ጊዜ መጣባትና መልሳ ዘጋችው። ወደ ቤቷ ሄደች፣ ከገበያ ገዝታ ለመትከል ወኔ ያጣችለትን የደበርጃን ችግኝ አምጥታ መደቡ አጠገብ ተንበረከከች።

«እጅሽን አምጪ» አለች።

«እምቢ።»

«አምጪ ነው የምልሽ። አብረን ነው የምንይዘው። የኔ እጅ ከላይ፣ ያንቺ ከታች። ከጸደቀ የክልሶም እጅ ነው። ከሞተ ደግሞ የኔ ነው፤ መቼም አገር ያወቀው ነው፣ ማን ይደነቃል? የኔ እጅ ለምዶታል። አንድ ደበርጃን ቢጨመርበት አይከብደውም።»

ክልሶም አየቻት። «ሁልጊዜ?» አለች።

«እስክትሰለቺ ድረስ። የሞተ ሁሉ በኔ ይጻፍ።»

ክልሶም ተንበረከከች። ሁለት ሴቶች አንዲት የደበርጃን ችግኝ በአራት እጅ ሲተክሉ ያየ ናዝሪን ኋላ ለሚስቱ በስልክ ሲነግራት «እንደ ጨቅላ ነበር ያስተኟት» አላት። ባለ መጋዙ ከሰዓት ሲመጣ ደረጃው ላይ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ በልቶ፣ ለመንገዱ ዘይቱን በላስቲክ ይዞ ተመለሰ።

ደበርጃኗ ጸደቀች። ቀጥሎ ከተተከሉት ቃሪያዎች ግማሹ ሞተ፤ ክልሶም እያንዳንዱን እየነቀለች በሽፈራው ክፍተት ብቅ ትልና «ያንቺ!» ትላለች። ሰፒያህም «ወደዚህ ወርውሪው!» ትላታለች። ሳህን ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ጀመር። ከዓመቱ ፍጻሜ በፊት የሁለቱም ጓሮ መልሶ በአትክልት ተጨናነቀ። ዱሪያኑ ግን በዚያም ዓመት ዝም አለ። አባባ ሲዲን በዚያ ሲያልፉ ቀና ብለው «ይሄ ዛፍ ውሸታም ነው» ይላሉ፤ ጉልበታቸው የታመመው ያን ቅዳሜ ብቻ እንደሆነ መንደሩ ደርሶበታል።

በተከታዩ ዓመት በጋው ሲበረታ ዱሪያኑ አበባ አወጣ። ብዙው ረገፈ፤ አንድ ፍሬ ብቻ ያዘ፣ እሱም ልክ ከጣሪያው በላይ። ዱሪያን አይቀጠፍም፣ እስኪወድቅ ይጠበቃል። ጠበቁ። አንድ ጠዋት ሰፒያህ ሩዝ ጥዳ ሳለች ጣሪያው እንደ ነጎድጓድ ጮኸና ያ እሾኻም ነገር ቆርቆሮውን በስቶ ምድጃው አጠገብ ተፈጠፈጠ። ልጇ እንዳለው ነው፤ አናቷን ብቻ ሳታት። ሰፒያህ ጣሪያውን አላየችም፤ «ክልሶም! ክልሶም!» እያለች በባዶ እግሯ ወጣች።

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ፍሬው ትንሽ ነበር፣ ግማሹን ትል ቀምሶታል። ክልሶም ከፈለችው። ቀስ ብለው በሉ፤ ሁለቱም ስለ አዋንግ እያሰቡ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። «ቢኖር ኖሮ ‹ያፈራሁት እኔ ነኝ› ይል ነበር» አለች ክልሶም፣ እንባዋም ወረደ፤ አልጠረገችውም። ሰፒያህ የምትለው አልፈለገችም። ከጎኗ ተቀምጣ ዝም አለች፤ ይህን ተምራለች።

ሲጨርሱ ክልሶም አንዱን ዘር በሽርጧ ጠርጋ ለሰፒያህ ዘረጋችላት። «ወርደሽ ክተቺው። ብቻሽን።»

«እኔ? አብደሻል? በኔ እጅ ነገ ነው የሚሞተው።»

«ይሆናል።»

«እሺ፣ እከተዋለሁ። ከሞተም ያው እንደ ደንባችን የኔ ነው።»

«አይደለም» አለች ክልሶም። ዘሩን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አጠፈችላት። «ይሄኛው ከሞተ የኔ ነው። አሁን እችለዋለሁ።»

ሰፒያህ ዘሩን ይዛ ከደረጃው ወረደች፣ ጉድጓድም ቆፈረች።